ገንዘብ ከተከፈለ ውል አለ ማለት ነው? የቢዝነስ ሕግ በአንድ የአካውንቲንግ ክፍል፦ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ጉዳዩ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪዎች የሚሰጥ የቢዝነስ ሕግ ኮርስ ነው። የተቋሙም ሆነ የመምህራኑ ስም እዚህ አይነሳም። ኮርሱ በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ እየተሰጠ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል። የሚያስተምረው ከሕግ ትምህርት ክፍል የሚመደብ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ከዚያ በፊት ሕግ ተምረው አያውቁም፤ ከዚያ በኋላም ከግብር ኮርስ በቀር ብዙም አያገኛቸውም። የሕግ ተማሪ በበርካታ ኮርሶች ተከፋፍሎ የሚማረውን ውል፣ ሽያጭ፣ ውክልና፣ ዋስትና፣ የንግድ ማኅበራት፣ ቼክና ኢንሹራንስ እነዚህ ተማሪዎች በአንዱ ሴሚስተር አጠናቀው መውጣት አለባቸው።

ማስተማሪያው ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ ሃንድአውት ነበር። ቅደም ተከተሉ የሕግ መጽሐፍን የተከተለ ነው፦ የሕግ ትርጉምና ምንጭ፣ ስለ ሰዎች፣ ስለ ውሎች በጠቅላላው፣ ልዩ ልዩ ውሎች፣ በመጨረሻም የንግድ ሕግ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "ሕግ ምንድን ነው" በሚለው ላይ ያልፋሉ። የንግድ ማኅበራት የሚደረስባቸው ተማሪው ለሌሎች ኮርሶች ፋይናል ማጥናት በጀመረበት ሰዓት ነው። ለአካውንታንት ከሁሉ የሚቀርበው ክፍል ከሁሉ የተጣደፈው ክፍል ሆኖ ቆይቷል።

ችግሩ

የሚድ ፈተናው ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ትርጉምና ዝርዝር ይጠይቃል፦ ውል ምንድን ነው፣ የሚጸናው ምን ምን ሲሟላ ነው። ተማሪዎቹ ይህን በደንብ ሠሩት። ችሎታ፣ ጉድለት የሌለበት ፈቃድ፣ በቂ ሆኖ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ጉዳይ፣ ሕግ ሲያዝ ደግሞ ፎርም (ውሉ ሊደረግበት የሚገባው የተለየ መልክ)፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 ሳይዛነፍ ተጽፏል። ሁለተኛው ክፍል አንድ የታሪክ ጥያቄ ብቻ ነበር፦

አንድ የቢሮ ዕቃ ነጋዴ ለአንድ ድርጅት በስሙ የተጻፈ ፕሮፎርማ ይልካል፤ 200 ወንበር፣ የአንዱ ዋጋ 4,500 ብር፣ ለ10 ቀን የሚጸና። ድርጅቱ በ8ኛው ቀን "ተቀብለናል፤ ማጓጓዣው ግን በእናንተ ወጪ ይሁን" ብሎ በደብዳቤ ይመልሳል። ሻጩ ዝም ይላል። በ9ኛው ቀን ድርጅቱ ከጠቅላላው ዋጋ 30 በመቶውን፣ 270,000 ብር፣ በሻጩ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። በ20ኛው ቀን ሻጩ ገንዘቡን መልሶ "በመካከላችን ውል የለም" ይላል። ገዢው ምን መጠየቅ ይችላል?

አብዛኛው ተማሪ የመለሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ገንዘብ ስለተከፈለ ውል አለ። ቀላል የማይባሉት ደግሞ "ሻጩ ቀብድ ስለተቀበለ እጥፉን፣ 540,000 ብር ይክፈል" ብለው ጨመሩ። እነዚሁ ተማሪዎች በፊተኛው ገጽ ላይ ውል የሚመሠረተው ሐሳብ ቀርቦ ሌላው ወገን ሲቀበለው እንደሆነ በትክክል ጽፈዋል። ዕውቀቱ ገጽ ሲገለበጥ እዚያው ቀረ።

ጥያቄው መሄድ የነበረበት መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ ፕሮፎርማው ምንድን ነው? ለሕዝብ የተለጠፈ ወይም ለማንም የሚበተን የዋጋ ዝርዝር በቁጥር 1687 መሠረት የውል ሐሳብ ማቅረብ አይደለም። ይህኛው ግን ተቀባዩን፣ ብዛቱን፣ ዋጋውንና የሚጸናበትን ጊዜ ለይቶ ያስቀመጠ ስለሆነ ሐሳብ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ቀጥሎ የ8ኛው ቀን ደብዳቤ ይመጣል። "ተቀብለናል" ይላል፣ ነገር ግን አዲስ ነገር ጨምሯል። በቁጥር 1694 ከቀረበው ሐሳብ ጋር ያልተስማማ ቅበላ ሐሳቡን እንደ መጣልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሳብ አቅራቢው ገዢው ነው፤ ተቀባይ መሆን የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው። የሻጩ ዝምታ ደግሞ በመሠረቱ መቀበል አይደለም፤ ቁጥር 1682።

ጥያቄው የሚጠብቀው እዚህ ጋ ነው። 270,000 ብሩን ያስገባው ገዢው ነው፣ ማለትም ሐሳቡን ያቀረበው ሰው። ሰው የራሱን ሐሳብ ራሱ ሊቀበል አይችልም። ስለዚህ ክፍያው ለብቻው ምንም አያረጋግጥም። የሚቀረው ክርክር ሻጩ ገንዘቡን 11 ቀን ይዞ መቆየቱ በቁጥር 1681 አነጋገር ስለመስማማቱ ጥርጣሬ የማያስቀር አድራጎት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ሻጩ በእነዚያ ቀናት ወንበሮቹን መጫን ጀምሮ ቢሆን መልሱ ሌላ ይሆናል። ሒሳቡ ውስጥ ሳይጠይቅ የገባ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ግን የገዢው አቋም ደካማ ነው፤ ገንዘቡ ተመልሶለታል፣ ከዚያ ያለፈ መጠየቅ ግን ይከብደዋል። ፈታኙ በሁለቱም አቅጣጫ የሚደረግ መደምደሚያ ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ያጣው መደምደሚያውን ሳይሆን መንገዱን ነው።

ስህተቶቹ ከየት መጡ

ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ መምህሩ ወረቀቶቹን እንደገና ሰብስቦ ስህተቶቹን በዓይነታቸው ለየ። በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሥራ ይህ ነው። ስህተቶቹ የስንፍና አልነበሩም። አብዛኞቹ ተማሪው ከአካውንቲንግ ክፍል ይዞት የመጣው ትክክለኛ ዕውቀት በማይሠራበት ቦታ ሲሠራ የታዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ክፍያን ውል አድርጎ ማየት ነው። በመዝገብ ላይ ገንዘብ ከገባ የሚመዘገብ ነገር አለ፤ ተማሪው የተመዘገበውን ሁሉ የጸና ያደርገዋል። የሻጩ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ያንን 270,000 ብር ቢመዘግበው ዕዳ አድርጎ ነው እንጂ ሽያጭ አድርጎ አይደለም። አካውንቲንጉ ራሱ በደንብ ቢጠየቅ ኖሮ የተማሪውን መልስ ባፈረሰው ነበር።

ሁለተኛው ቅድመ ክፍያን ሁሉ ቀብድ ማለት ነው። በቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ የውሉን መደረግ ያስረዳል፤ በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ቀብዱን ለቆ፣ ተቀባዩ እጥፉን መልሶ ውሉን መተው ይችላሉ። ይህ ግን ገንዘቡ ቀብድ እንዲሆን ታስቦ ሲሰጥ ነው። ከዋጋው ላይ በመቶኛ ተሰልቶ የሚከፈል ቅድመ ክፍያ በራሱ ቀብድ አይሆንም። የቃል ልማድም አሳስቷል፤ በገበያ ላይ ሁለቱን ለይቶ የሚናገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚገርመው ነው። ተማሪው በአንደኛ ዓመት የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ንግዱ ከባለቤቱ የተለየ ነው ብሎ ተምሯል። ለመዝገብ አያያዝ ትክክል ነው፤ የአንድ ሱቅ ሒሳብ ከባለሱቁ የቤት ወጪ ጋር አይቀላቀልም። በሕግ ፊት ግን ግለሰብ ነጋዴ ከንግዱ የተለየ ሰውነት የለውም። ባለገንዘቡ (ዕዳውን የሚጠይቀው ሰው) ሱቁ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው የነጋዴውን መኪናና ቤት ይከተላል። ልዩነቱ የሚመጣው እንደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም እንደ አክሲዮን ማኅበር ያለ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ሲቋቋም ነው። ይህን ሳይለይ የተመረቀ አካውንታንት ለግለሰብ ነጋዴ "አትጨነቅ፣ ዕዳው የድርጅቱ ነው" ብሎ ሊመክር ይችላል።

አራተኛው የአካውንቲንግ ሳይሆን የቢሮ ልማድ ነው፤ ማኅተም የሌለው ውል ውል አይደለም የሚል እምነት። ሕጉ በቁጥር 1719 ውል የተለየ ፎርም የሚያስፈልገው ሕግ ወይም ተዋዋዮቹ ሲወስኑ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። በጽሑፍ መሆን ሲኖርበት የሚፈለገው የተገዳጆቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ማረጋገጫ ነው፤ ቁጥር 1727። ተማሪዎቹ ማኅተሙን አጥብቀው ምስክሮቹን ረሱ። በአንጻሩ እውነተኛ ፎርም በሚጠየቅበት ቦታ፣ ለምሳሌ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲደረግ በሚያዘው በቁጥር 1723 ላይ፣ "ደረሰኝ ካለ ይበቃል" ብለው አለፉ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቅደም ተከተሉ ተቀየረ። ኮርሱ የሕግ መጽሐፉን ተራ ትቶ የአንድን ግብይት ዕድሜ ተከተለ፦ ማን ነው የሚዋዋለው፣ ድርድር፣ መስማማት፣ መጻፍ፣ መረከብና መክፈል፣ አለመፈጸም፣ ማስመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ማን" ስለሆነ የንግድ ማኅበራት ከመጨረሻ ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጡ። "ሕግ ምንድን ነው" የሚለው ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ ወረደ፤ ማንም አልናፈቀውም።

ለሴሚስተሩ ሙሉ የሚያገለግል አንድ የግብይት ፋይል ተዘጋጀ። ሰባት ወረቀት አለው፦ ፕሮፎርማ፣ የመልስ ደብዳቤ፣ የግዢ ትዕዛዝ፣ ሁለት ገጽ ውል፣ የቅድመ ክፍያ ደረሰኝ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ (በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 የሚባለው ዓይነት) እና ከርክክቡ በኋላ የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ። ስሞቹ ሁሉ የተፈጠሩ ናቸው። በየወረቀቱ ሆን ተብሎ አንድ አንድ ጉድለት ተቀመጠ። ከሁሉ ያስተማረው የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ነበር፦ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ "በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ" ብሎ ፈርሟል፤ የቅሬታ ደብዳቤው የመጣው ደግሞ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። የሽያጭ ሕጉ ገዢው ዕቃውን ጊዜ ሳያጠፋ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ወዲያው ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ተማሪው ነገ በየቀኑ የሚያየው ወረቀት መብት ማጥፋት እንደሚችል እዚህ ላይ አየ።

የመልስ አጻጻፍ በአራት ክፍል ተወሰነ፦ የሚያከራክረው ነጥብ፣ አግባብ ያለው ሕግ፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ማዛመድ፣ መደምደሚያ። ከ10 ነጥብ 2 ለመጀመሪያው፣ 2 ለሁለተኛው፣ 5 ለሦስተኛው፣ 1 ለመጨረሻው። የነጥቡ አከፋፈል ተራ ነገር አይደለም። ማዛመዱ ግማሹን ካልያዘ ተማሪው የሚያጠናው ዞሮ ዞሮ ትርጉም ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ከአካውንቲንግ መምህር ጋር በጋራ ተሰጠ። መነሻው በኢትዮጵያ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 በኩል የመጣው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ (አይኤፍአርኤስ) ነው። ስለ ገቢ የሚናገረው አይኤፍአርኤስ 15 ገቢ ለመመዝገብ መጀመሪያ ውል መኖሩን ማየት ይጠይቃል፤ መብቱ የሚያስገድድ መሆን አለመሆኑ የሕግ ጉዳይ እንደሆነም በግልጽ ያስቀምጣል። የወንበሩ ጥያቄ እንደገና ቀረበ፤ በዚህ ጊዜ ግን "ሻጩ ምን ይመዝግብ?" ተብሎ።

የሠራው

የጋራው ክፍለ ጊዜ ከተጠበቀው በላይ ሠራ። ተማሪው ሕጉን ያከበረው የራሱ ሙያ ሲጠይቀው ነው። "ውል ከሌለ ገቢ የለም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ቁጥር 1694ን ከፈተና ጥያቄ ወደ ሥራ ጥያቄ ቀየረው።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልምምዱም ፍሬ አፈራ። ሻጩ ከ200 ወንበር 150 ብቻ አስረክቦ ቀኑ አልፏል፤ ተማሪው ለገዢው ግማሽ ገጽ ይጽፋል። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ዛቻ ብቻ ነበሩ፦ "በሕግ እንጠይቃለን"። የጎደለው ዋናው ነገር ነው፤ ምን ይፈጸም፣ እስከ መቼ። በቁጥር 1772 ባለመብቱ ውሉ ባለመፈጸሙ መብቱን ከመጠቀሙ በፊት ባለዕዳውን ማስጠንቀቅ አለበት፤ በማስጠንቀቂያው የሚሰጠው ጊዜም ተገቢ መሆን አለበት። የተስተካከለው ደብዳቤ አምስት ነገር ይይዛል፦ የውሉ ቀንና ቁጥር፣ ያልተፈጸመው ግዴታ፣ የጎደለው መጠን (50 ወንበር)፣ የሚሰጠው ጊዜ፣ ጊዜው ካለፈ ገዢው የሚወስደው እርምጃ። እዚህ ላይ ብዙዎች "ውሉ ቀን ስላለው ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም" ብለው ተከራከሩ። ቁጥር 1775 ግን ጠበብ ያለ ነው። በውሉ ላይ ቀን መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ ግዴታው ሊፈጸም የሚችለው በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻ መሆን አለበት፣ ወይም ጊዜው ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለዕዳው እንደ ጥፋተኛ እንዲቆጠር ተዋዋዮቹ መስማማት አለባቸው፣ ወይም ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ለምርቃት ቀን የታዘዘ ጋውንና ለቢሮ የታዘዘ ወንበር እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ሕጉን ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ በቀጥታ ማንበብም ረድቷል። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም የአማርኛው ዓምድ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ነው፤ ተማሪው ነገ የሚያነባቸው ውሎችና ደብዳቤዎችም አብዛኞቹ በአማርኛ ናቸው። ክፍሉ በአማርኛው ዓምድ ላይ ሲወያይ ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎች መናገር ጀመሩ።

ያልሠራው

"ከቤታችሁ ወይም ከምታውቁት ድርጅት አንድ ውል አምጡ" የሚለው አሳይመንት በፍጥነት ቆመ። አንዳንዶቹ የሰው ስም፣ የቤት ቁጥርና የገንዘብ መጠን ያለበት የቤተሰብ ውል አመጡ፤ ሌሎቹ ከበይነ መረብ የውጭ አገር ሞዴል አውርደው፣ ክርክሩ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ይታያል የሚል አንቀጽ ያለበትን ሳያነቡ አቀረቡ። የተፈጠረው ፋይል ከሁለቱም ይሻላል።

የልምምድ ችሎቱም እንደታሰበው አልሆነም። አንደበተ ርቱዕ የሆኑ ሦስት አራት ተማሪዎች ጠበቃ ሆነው ሲከራከሩ ሌላው ተመልካች ሆነ። ለሕግ ተማሪ ይህ ልምምድ ነው፤ ለአካውንቲንግ ተማሪ ግን የወደፊት ሥራው አይደለም። እሱ ችሎት የሚቆመው ምናልባት ምስክር ሆኖ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለጠበቃው ወረቀት አሰናድቶ የሚሰጠው ሰው ነው። በቀጣዩ ጊዜ ችሎቱ ቀርቶ ለጠበቃ የሚሰጥ የአንድ ገጽ የፍሬ ነገር ማጠቃለያ ተተካ፦ ቀን፣ ድርጊት፣ የሚያስረዳው ወረቀት፣ በሦስት ዓምድ።

ሕግ ተይዞ የሚገባበት ፈተናም መጀመሪያ ተበላሸ። ተማሪዎቹ አንቀጾቹን ሙሉ በሙሉ ገልብጠው ጊዜ አለቀባቸው። የተስተካከለው የሕግ መጽሐፉ ቀርቶ አሥራ ሁለት አንቀጽ ያለበት ወረቀት አብሮ ሲታደል ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ለጥያቄው የማይመለከቱ ናቸው። አሁን የሚፈተነው መምረጥ ሆነ። መገልበጥ ትርጉም አጣ፣ ምክንያቱም ወረቀቱን ፈታኙም ይዞታል።

አራቱ ክፍል የመልስ አጻጻፍም የራሱ ጉዳት አለው። ደካማው ተማሪ አራቱን ርዕስ ጽፎ በሥራቸው ፍሬ ነገሩን ሳይነካ ሕጉን ሁለቴ ይደግማል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት አንድ ነው፦ በማዛመዱ ክፍል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከታሪኩ ቢያንስ አንድ ቀን፣ መጠን ወይም ድርጊት መያዝ አለበት፤ ካልያዘ አይታረምም።

ለሌላ ኮርስ የሚወሰድ

የተሳሳተ መልስን ከመቁጠር በፊት በዓይነት መለየት ለማንኛውም ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ ተማሪ ይሠራል። የማርኬቲንግ ተማሪ ማስታወቂያን ሁሉ የውል ሐሳብ ያደርጋል፤ የሰው ኃይል ተማሪ የድርጅቱን የውስጥ መመሪያ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በላይ ያስቀምጣል። የኮርሱ ይዘት አንድ ቢሆንም መጀመሪያ መነቀል ያለበት ስህተት እንደ ክፍሉ ይለያያል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ነጥብ የማይያዝበት አንድ የታሪክ ጥያቄ ሰጥቶ መልሶቹን ማየት ከየትኛውም የትምህርት ዕቅድ ይቀድማል።

የአካውንቲንግ መምህር የማይገኝ ከሆነ ጥያቄውን ራሱ መቀየር ይቻላል። "ገዢው ምን መብት አለው?" ከማለት "ይህን ፋይል ብትመረምር ኖሮ ክፍያውን ታጸድቅ ነበር? የሚጎድለው ወረቀት የቱ ነው?" ማለት። መልሱ ውስጥ የሚገባው ሕግ ያው ነው።

ሃንድአውት የሚያድስ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲተካ ሙሉ በሙሉ አልተሻረም። አዲሱ ሕግ ተራ የሽርክና ማኅበርን አስቀርቶ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርንና ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን አምጥቷል፤ ስድስት የነበሩት የማኅበር ዓይነቶች ሰባት ሆነዋል። የማጓጓዣና የኢንሹራንስ፣ እንዲሁም ቼክን የመሳሰሉ የሚተላለፉ የንግድ ወረቀቶችና የባንክ ሥራ የሚገኙባቸው ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ ግን ከአሮጌው ሕግ ላይ እንደጸኑ ናቸው። በዚህ ኮርስ ላይ ሃንድአውቱ ሲታደስ መጀመሪያ የተሠራው ስህተት ቼኩንም በአዲሱ አዋጅ ሥር ማስገባት ነበር። ተማሪዎቹ አንቀጹን ሲፈልጉ አላገኙትም፤ የተስተካከለውም በእነሱ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ በሃንድአውቱ እያንዳንዱ ምዕራፍ ራስ ላይ የሕጉ ቁጥርና ምዕራፉ ለመጨረሻ ጊዜ የተመሳከረበት ቀን ይጻፋል።